በእግዚአብሔር ጥበቃ ታምኖ ስለ መጓዝ



እኛ ኢትዮጵያውያን በየዕለቱ ከምንለዋወጣቸው የሰላምታና የምርቃት ቃላት ብዙዎቹ የመንገደኛ ቃላት ናቸው። ማለዳ ከቤቱ የሚወጣውን ሰው «በሰላም ያውልህ» እንለዋለን፤ ማታ የሚለየንን «በሰላም ያሳድርህ» እንለዋለን፤ ሩቅ አገር የሚሄደውን «በሰላም ያግባህ» ብለን እንሸኘዋለን፤ ሲመለስም «እንኳን በሰላም መጣህ» ብለን እንቀበለዋለን። ዘመን በተለወጠ ጊዜም «እንኳን ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ በሰላም አሸጋገረህ» እንባባላለን። በእነዚህ ቃላት ሁሉ የሚያውለው፤ የሚያሳድረው፤ የሚያገባውና የሚያሸጋግረው ማን እንደ ሆነ ስሙን ባንጠራው እንኳ ሁላችንም እናውቀዋለን። አባቶቻችን ሕይወትን እንደ መንገድ፤ ሰውን እንደ መንገደኛ፤ እግዚአብሔርን እንደ መንገድ ጠባቂ አድርገው ያዩ ስለ ነበር እምነታቸው በቋንቋቸው ውስጥ ገብቶ ቀርቷል።

ይሁን እንጂ ማናቸውም ቃል በልማድ ብቻ ሲነገር ትርጓሜው እየደበዘዘ መሄዱ የታወቀ ነው። ስለዚህ በዛሬው ንግግራችን አንድ ጥያቄ አንሥተን እንመርምር። ክርስቲያን የሆነ ሰው «በእግዚአብሔር ጥበቃ እታመናለሁ» ሲል ምን ማለቱ ነው? ይህ ጥያቄ የሊቃውንት ብቻ ጥያቄ አይደለም። ልጇን ወደ ዐረብ አገር ሸኝታ ስልክ እስኪደወል ድረስ እንቅልፍ የማይወስዳት እናት፤ ብዙ ነፍስ ጭኖ በገደል አፋፍ የሚነዳ የአውቶቡስ ሾፌር፤ የሐኪምን ቃል በፍርሃት የሚጠባበቅ ሕመምተኛ ሁሉም ይህን ጥያቄ በልባቸው ይጠይቁታል። መልሱን ያጣመመ ሰው በሥጋውም በነፍሱም ብዙ ይጎዳል።

መልሱ በሁለት ወገን ይጣመማል። አንደኛው ወገን «እግዚአብሔር ስለሚጠብቀኝ እኔ መጠንቀቅ አያስፈልገኝም» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «በእግዚአብሔር ስለ ታመንሁ ምንም ክፉ ነገር አይደርስብኝም» ይላል፤ ክፉ የደረሰበትንም ሰው እምነት እንደ ጎደለው አድርጎ ይፈርድበታል። እነዚህ ሁለት አሳቦች መንፈሳዊ ይምሰሉ እንጂ ሁለቱም ከመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት የራቁ ናቸው። እስቲ በየተራ እንያቸው።

ስለ እግዚአብሔር ጥበቃ ከሚናገሩት መዝሙራት ሁሉ በአገራችን እጅግ የታወቀው በግዕዙ መዝሙረ ዳዊት ቍጥር 90ኛው፤ በሌላው አቈጣጠር 91ኛው መዝሙር ነው። ብዙ ሰው በቃሉ ያውቀዋል፤ መንገድ ሲጀምርም ይደግመዋል። ነገር ግን ይህንኑ መዝሙር ጌታችንን ለመፈተን ሰይጣን እንደ ጠቀሰው ስንቶቻችን እናስታውሳለን? በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 4 እንደ ተጻፈው ፈታኙ ጌታን በቤተ መቅደስ ጫፍ ላይ አቁሞ፤ መላእክት በእጃቸው እንደሚያነሡት ከመዝሙሩ ጠቅሶ፤ ራሱን ወደ ታች እንዲወረውር ጠየቀው። የተጠቀሰው ቃል እውነተኛ ቃል ነበር። ሆኖም ጌታ አልዘለለም፤ እግዚአብሔርን መፈታተን እንደማይገባ ተናግሮ ፈታኙን መለሰው። ከዚህ የምንማረው በጥበቃው መታመንና ጥበቃውን መፈታተን ፈጽሞ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ነው። የሚታመን ሰው ግዴታው ባመጣበት መንገድ ይሄዳል፤ የሚፈታተን ሰው ግን ማንም ሳያስገድደው ከጫፍ ላይ ይወረወራል።

አሁን ይህን ትምህርት ወደ አገራችን መንገዶች እናምጣው። በብዙ አውቶቡሶችና የጭነት መኪናዎች መስተዋት ላይ የቅዱስ ጊዮርጊስ፤ የቅዱስ ሚካኤል ወይም የእመቤታችን ሥዕል ተለጥፎ እናያለን። ይህ መልካም ልማድ ነው፤ የሚነቀፍም አይደለም። ነገር ግን ሥዕሉን ለጥፎ ፍሬኑን የማያስመረምር፤ ጸሎት አድርሶ ሲያበቃ በመጠጥ ወይም በእንቅልፍ እየደከመ የሚነዳ፤ በጠመዝማዛ መንገድ ላይ ሌላውን ለመቅደም የሚቸኩል ሾፌር በቤተ መቅደስ ጫፍ ላይ ቆሞ የሚዘልልን ሰው ይመስላል። የቅዱሱ ሥዕል የተለጠፈው ሾፌሩ የተሸከመው ነፍስ የማን እንደ ሆነ እንዲያስታውስ ነው፤ የፍሬንን ሥራ እንዲሠራ አይደለም። እንደዚሁም ወንድ በ40 ቀን ሴት በ80 ቀን ክርስትና ስንነሣ በአንገታችን የታሰረልን ማዕተብ የክርስቶስ ወገን የመሆናችን ምልክት ነው እንጂ የጥንቆላ ክታብ አይደለም። ምልክቱን እንደ ክታብ የሚያስብ ሰው እምነቱን ከፈጣሪው ላይ አንሥቶ በክር ላይ አኑሮታል።

ስለ መንገድና ስለ ጥበቃ ከተጻፉት ታሪኮች ሁሉ ይህን ነገር አጥርቶ የሚያሳየን በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27 የሚገኘው የቅዱስ ጳውሎስ የባሕር ጉዞ ነው። ጳውሎስ እስረኛ ሆኖ ወደ ሮም ሲወሰድ በመርከቡ ላይ 276 ነፍስ ነበረ። የመርከብ ጉዞ የሚያስፈራበት ወራት በደረሰ ጊዜ ጳውሎስ ጉዞው ጉዳት እንደሚያመጣ አስጠንቅቆ ነበር፤ የመቶ አለቃው ግን ከእርሱ ቃል ይልቅ የመርከቡን መሪና የመርከቡን ባለቤት ቃል ሰማ። ማዕበሉ ተነሣ፤ ብዙ ቀንም ፀሐይና ከዋክብት ሳይታዩ ቀሩ። በዚያን ጊዜ መልአክ ለጳውሎስ ተገልጦ፤ ከእርሱ ጋር ከሚጓዙት ሁሉ አንድ ነፍስ እንኳ እንደማይጠፋ አበሠረው።

እንግዲህ አስተዋይ አንባቢ ከዚህ በኋላ የሆነውን ልብ ይበል። ጳውሎስ ይህን የመሰለ ተስፋ ስለ ተቀበለ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በአሥራ አራተኛው ሌሊት መርከበኞቹ ባልንጀሮቻቸውን ትተው በታንኳ ሊያመልጡ ባሰቡ ጊዜ፤ እነዚህ በመርከቡ ካልቈዩ ሌሎቹ ሊድኑ እንደማይችሉ ለመቶ አለቃውና ለወታደሮቹ ነገራቸው፤ ወታደሮቹም የታንኳውን ገመድ ቈረጡ። ሊነጋ ሲል ደግሞ ለብዙ ቀን ምንም ሳይቀምሱ የቈዩትን ሁሉ ኀይል እንዲያገኙ እህል እንዲቀምሱ መከራቸው፤ እርሱም በሁሉ ፊት እግዚአብሔርን አመስግኖ በላ። በመጨረሻ መርከቡ ተሰበረ፤ ጭነቱም ጠፋ። ሰዎቹ ግን ዋና የሚያውቀው እየዋኘ፤ የማያውቀውም በሳንቃና በመርከቡ ስባሪ ላይ ሆኖ፤ ሁሉም በደኅና ወደ መላጥያ ደሴት ደረሱ። እግዚአብሔር እንደሚያድናቸው ተናገረ፤ ያዳናቸውም በመርከበኞች ሙያ፤ በአንድ እስረኛ ምክር፤ በእንጀራ፤ በዋናና በሳንቃ ነበር። መርከቡም መሰበሩን አንርሳ። የእግዚአብሔር ጥበቃ የያዝነውን ዕቃ ሁሉ ያተርፍልናል ማለት አይደለም።

የሚታመኑ ሰዎች ሁሉ ደግሞ በአንድ ዓይነት መንገድ እንዲሄዱ አይገደዱም። ካህኑ ዕዝራ ከባቢሎን ወደ ኢየሩሳሌም ሲመለስ ስለ አምላኩ ረድኤት አስቀድሞ ለንጉሡ ተናግሮ ስለ ነበር ወታደርና ፈረሰኛ መለመን አሳፈረው፤ ስለዚህ በወንዝ ዳር ጾም ዐውጆ ያለ አጀብ ተነሣ። ነህምያ ግን ወደ ኢየሩሳሌም ሲሄድ ንጉሡ የላከለትን የጭፍራ አለቆችና ፈረሰኞች አብሮ ይዞ ሄደ። መጽሐፍ ሁለቱንም አይነቅፍም። እንዲያውም ያለ አጀብ የሄደው ዕዝራ እንኳ የተሸከመውን ብርና ወርቅ አስቀድሞ በሚዛን መዝኖ ለካህናት ማስረከቡን፤ በደረሰም ጊዜ እንደ ገና በቍጥርና በሚዛን መመዘኑን እናነባለን። ነህምያም የኢየሩሳሌምን ቅጥር ሲያሠራ ጠላት በተነሣበት ጊዜ ከጸሎት ጋር ቀንና ሌሊት ዘብ አቆመ። ጸሎትና ዘብ፤ ጾምና ሚዛን በእነዚህ ሰዎች ዘንድ ሳይጣሉ ኖረዋል።

በእኛም ዘመን ይህ ነገር የሞትና የሕይወት ጉዳይ ሆኖ ያውቃል። በኤች አይ ቪ የተያዙ ብዙ ወገኖቻችን ፈውስ ፍለጋ ወደ እንጦጦ ማርያም ጠበል ይሄዱ ነበር፤ ከእነርሱም መካከል መድኃኒት መዋጥ እምነት ማጕደል መስሎአቸው ሐኪም ያዘዘላቸውን መድኃኒት ያቋረጡ ነበሩ። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ መድኃኒቱን ከጠበሉ ጋር አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ አስታወቁ። ጠበሉንም መድኃኒቱንም የሰጠ አንድ እግዚአብሔር እንደ ሆነ የሚያምን ሰው አንዱን ለመቀበል ሲል ሌላውን መጣል አያስፈልገውም። የሐኪምን እጅ አልፈልግም የሚል ሰው እግዚአብሔር በየትኛው እጅ ሊረዳው እንደሚገባ ለእግዚአብሔር ትእዛዝ መስጠቱ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው፤ ማለት ከፊተኛው ይልቅ ከባድ ወደ ሆነው ነገር እንሸጋገር። ሰው ተጠንቅቆም፤ ጸልዮም፤ ታምኖም ክፉ ነገር ቢያገኘው ምን እንላለን?

በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ቀን ወደ ድሬዳዋና ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ አጠገብ ወደምትገኘው ወደ ቍልቢ ገብርኤል የሚጐርፈው ሕዝብ ብዛት ለሁሉ የታወቀ ነው። አንዳንዱ ረጅም መንገድ በእግሩ ይጓዛል፤ አንዳንዱ ድንጋይ ተሸክሞ ዳገቱን ይወጣል፤ ልጅ ያገኘችው ልጇን አዝላ፤ ከሕመም የተነሣው ስእለቱን ይዞ ይመጣል። ነገር ግን ስእለቱ የደረሰለት ሰው እልል ሲል፤ በዚያው ሕዝብ መካከል ያልደረሰላቸውም ቆመዋል። ዘንድሮም እንዳምና ባዶ እጃቸውን የመጡ አሉ፤ የለመኑለት ሰው የሞተባቸውም አሉ። የእነዚህ እምነት ከዚያኛው ያነሰ ነውን?

ለዚህ መልስ የምናገኘው በዚያው በበዓሉ ታሪክ ውስጥ ነው። በዚህ ዕለት የሚታሰበው ቅዱስ ገብርኤል አናንያን፤ አዛርያንና ሚሳኤልን ከእሳት ማዳኑ ነው። እነዚህ ሦስት ወጣቶች ናቡከደነፆር ላቆመው ምስል እንዲሰግዱ በተገደዱ ጊዜ አምላካቸው ከእሳቱ ሊያድናቸው እንደሚችል መሰከሩ። ምስክርነታቸው ግን በዚህ አላበቃም፤ ባያድናቸውም እንኳ ለምስሉ እንደማይሰግዱ ጨምረው ተናገሩ። የእምነታቸው ትልቅነት በዚህ በሁለተኛው ቃል ተገልጧል። የመዳን ዋስትና ተቀብለው ወደ እሳቱ አልገቡም። ቢድኑም ባይድኑም የእግዚአብሔር እንደ ሆኑ አውቀው ገቡ። እሳቱም ሳይነድድ አልቀረም፤ በሚነድደው እሳት ውስጥ ግን አራተኛ ሆኖ አብሮአቸው የሚመላለስ ታየ።

እነርሱ ከእሳት ወጡ። ያልወጡም አሉ። ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ የነበሩት አቡነ ጴጥሮስ ለወራሪው ለፋሺስት ኢጣልያ ኀይል እንዲገዙና ሕዝቡንም እንዲያስገዙ ተጠይቀው እንቢ ስላሉ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በሕዝብ ፊት በጥይት ተደብድበው ሞቱ። የጥይቱን መንገድ ያገደ መልአክ አልታየም። ታዲያ እግዚአብሔር አቡነ ጴጥሮስን አልጠበቃቸውም እንበልን? ሰውነታቸው ወደቀ፤ ነገር ግን ሊያስክዷቸው የፈለጉትን አንዱንም ሳይክዱ፤ ሊያስረግሙት የፈለጉትን አርበኛ ሳይረግሙ፤ የእረኝነት ሥራቸውን ፈጽመው አለፉ። ገዳዮቻቸው ሥጋቸውን ሲያገኙ ሰውዬውን አላገኙትም። ክርስቲያን ከእግዚአብሔር የሚጠብቀው ጥልቁ ጥበቃ ይህ ነው፤ ይኸውም በሞት መካከል እንኳ ከእግዚአብሔር እጅ አለመውደቅ ነው። እንዲህማ ባይሆን ኖሮ በመስቀል ላይ የሞተውን ጌታ የምናመልክ እኛ ከሁሉ አስቀድመን ግራ በተጋባን ነበር።

ስለዚህ፤ ወገኖቼ፤ ልጇን መንገድ የበላባትን እናት፤ ወይም ባሏን በሕመም ያጣችውን ሴት ለማጽናናት ለቅሶ ቤት ስንገባ አንደበታችንን እንግታ። «ጸሎት ጐድሎ ይሆናል፤ ኀጢአት ተገኝቶ ይሆናል» ማለት የኢዮብን ወዳጆች መሆን ነው፤ እግዚአብሔር እነዚያን ሰዎች እንደ ተቈጣቸው በመጽሐፉ ፍጻሜ ተጽፏል። እነርሱ ከሠሩት ሁሉ መልካሙ ሥራቸው ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ምንም ሳይናገሩ ከኢዮብ ጋር በምድር ላይ መቀመጣቸው ነበር። የአገራችንም የለቅሶ ሥርዓት ይህን ያውቃል፤ ጎረቤት መጥቶ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ እንጀራና ወጥ ይዞ ይመጣል፤ ያስተዛዝናል። ይህ ዝምታ ከብዙ ስብከት ይበልጣል።

እንግዲህ መታመን ቸልተኛነት ካልሆነ፤ ከክፉ ነገር ሁሉ የመዳን ውልም ካልሆነ፤ ምንድን ነው? ይህን በትግራይ የሚገኘው የደብረ ዳሞ ገዳም መውጫ ጥሩ አድርጎ ያስረዳናል። አቡነ አረጋዊ ያቀኑት ይህ ጥንታዊ ገዳም በዙሪያው ገደል በሆነ አምባ ላይ ስለ ተሠራ የሚወጣበት መንገድ 15 ሜትር ያህል በሚሆን ቀጥ ያለ ገደል ላይ የተንጠለጠለ የጠፍር ገመድ ነው። ሊሳለም የመጣ ወንድ ሌላ ገመድ በወገቡ ይታሰርለታል፤ የዚያን ገመድ ጫፍ ከላይ ያለው መነኵሴ ይይዝለታል። ወጪው በእጁ የተንጠለጠለውን ጠፍር ጨብጦ፤ እግሩን በድንጋዩ ስንጥቅ እያሳረፈ ይወጣል። እርሱ እግሩን ካላነሣ መነኵሴው ብቻውን እንደ ጆንያ አይጐትተውም፤ ከላይ የያዘለት ባይኖር ደግሞ እጁ በዛለ ጊዜ ገደል ይገባል። ከላይ ያለውን ሰው ፊት ሁልጊዜ አያየውም፤ ገመዱ በወገቡ ላይ ሲጠብቅ ግን ያዡ እንዳለ ያውቃል። የክርስቲያንም ጉዞ እንዲሁ ነው። እርምጃው የእኛ ነው፤ የሚይዘን እርሱ ነው፤ ፍርሃት ቢሰማንም መውጣታችንን አንተውም።

በዚህም ላይ አንድ ነገር ልጨምር። እግዚአብሔር መንገደኛን የሚጠብቅበት እጅ ብዙውን ጊዜ የሌላ ሰው እጅ ነው። ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ሲወርድ ወንበዴዎች የደበደቡትን ሰው ያነሣው፤ ቍስሉን ያሰረለትና ለእንግዳ ማደሪያው ጠባቂ ገንዘብ የከፈለለት ከሰማይ የወረደ ጭፍራ ሳይሆን አንድ ሳምራዊ መንገደኛ ነበር። በገጠራችንም የመሸበት መንገደኛ ደጅ ቆሞ የእግዚአብሔር እንግዳ መሆኑን ሲናገር፤ ባለቤቱ «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ብሎ ማስገባቱ የቈየ ልማዳችን ነው። ያ መንገደኛ ጠዋት ሲነሣ የለመነው የእግዚአብሔር ጥበቃ ማታ የደረሰለት በዚያ ጎጆ በር፤ በዚያ መደብና በዚያ ቍራሽ እንጀራ ነበር። እንግዲህ «ጠብቀኝ» ብሎ የሚጸልይ ሰው «ለሌላውም ጠባቂ አድርገኝ» ብሎ ሊጨምር ይገባዋል።

ይህ ከሆነ ዘንድ በየቤታችን ልናደርገው የሚገባን ነገር ግልጽ ነው። ልጅዋን ወደ ሩቅ አገር የምትልክ እናት ትጸልይ፤ ነገር ግን ልጅዋን ማንነቱ ላልታወቀ ደላላ አሳልፋ አትስጥ፤ የሥራውን ውል ተነቦ ትረዳው፤ ልጅዋም በሕጋዊ መንገድ እንድትሄድና በችግሯ ጊዜ የምትደውልበትን ስልክ እንድትይዝ ታድርግ። ሾፌር ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት ያማትብ፤ ካማተበም በኋላ ጎማውንና ፍሬኑን ይመልከት። ሕመምተኛ ይጸልይ፤ መድኃኒቱንም በሰዓቱ ይዋጥ። ይህን ሁሉ ካደረገ በኋላ ግን የቀረውን ለእግዚአብሔር ትቶ ይተኛ። ማድረግ የሚቻለውን ሁሉ አድርጎ ሲያበቃ ሌሊቱን በጭንቀት የሚያሳልፍ ሰው የእግዚአብሔርን ድርሻ በራሱ ትከሻ ላይ ጭኖ ይደክማል፤ ያም ሸክም ለሰው ትከሻ የተመጠነ አይደለም።

በመጨረሻም ምስጋናን አንርሳ። ጌታ ካነጻቸው ከዐሥሩ ለምጻሞች ተመልሶ ያመሰገነ አንዱ ብቻ ነበር። እኛም መንገድ ስንጀምር እንጸልያለን፤ ስንደርስ ግን ሻንጣችንን ለማውረድ ስንጣደፍ እንረሳለን። በሰላም የደረስንባቸውን ቀኖች ብንቈጥራቸው ቍጥራቸው እጅግ የበዛ በሆነ ነበር፤ ሳናውቀው ያለፍነው አደጋ ደግሞ ከቍጥር በላይ ነው። ለትናንቱ ጥበቃ ያመሰገነ ሰው ለነገው መታመን አይከብደውም።

አንባቢዎቼ ሆይ፤ ነገ ማለዳ ከደጃፋችሁ ስትወጡ፤ ከቤት የምትቀረው እናታችሁ ወይም ባለቤታችሁ «በሰላም ያውልህ» ስትላችሁ፤ ቃሉን እንደ ልማድ ሰምታችሁ አትለፉት። «አሜን» በሉ፤ እርምጃችሁንም አስተካክሉ፤ በመንገድ የወደቀ ካገኛችሁ አንሡ። እግዚአብሔር በመውጣታችንም በመግባታችንም ይጠብቀን፤ የተጓዙትን በሰላም ይመልስልን፤ ያዘኑትን ያጽናልን። አሜን።